ፊልም ይታያል እንጂ አይወራም፦ «የድሮ ፊልም ይብቃን» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ፊልም ወዳጅ የሆነ ሁሉ «የድሮ ፊልም ይብቃን» የሚል ጽሑፍ ሲቀባበል ከረመ። ለእኔ ብቻ በሁለት ቀን ውስጥ ከአራት ሰው ደረሰኝ። ሦስቱ «ልክ ብለዋል» ብለው ነው የላኩልኝ። አራተኛው ከአሥር ዓመት በላይ አብረን ፊልም ያየን ወዳጄ ነው፤ «እስኪ አንተ ምን ትላለህ?» አለኝ። የምለው ይኸው ነው።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ የድሮ ፊልም ረጅምና ቀርፋፋ ነው፤ የፊልም ዋናው ነገር ታሪኩ ስለሆነ ደግሞ ታሪኩን በአማርኛ ባጭሩ የሚተርኩት የአሥር ደቂቃ ቪዲዮዎች ይበቁናል ይላሉ። ሁለተኛ፣ የድሮ ፊልም ወዳጅ የሚወደው ልጅነቱን እንጂ ፊልሙን አይደለም። ሦስተኛ፣ ካሜራውም ድምፁም ኮምፒውተሩም ስላደገ የዱሮው ሁሉ ያለፈበት ዕቃ ነው። አራተኛ፣ እነዚያ ፊልሞች ጥቁርን የሚያዋርዱ፣ ሴትን የሚንቁ ናቸው። አምስተኛ፣ እኛ ኢትዮጵያውያን የምንኮራበት የራሳችን ክላሲክ ፊልም የለንም፤ የኃይሌ ገሪማ ሥራዎች እንኳ ለፈረንጅ ፌስቲቫል የተሠሩ ናቸው። ሲዘጉም «ከአሥር ደቂቃ በላይ የሚያስቀምጠኝ አንድ የድሮ ፊልም ጥሩልኝና ቃሌን አነሳለሁ» የሚል ፈተና ጥለዋል። ወደ ፈተናው መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ። «በእኛ አቆጣጠር» ወይም «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ረጅም» ከሚለው እንጀምር፤ ይህ በክርክር ሳይሆን በቆጠራ የሚያልቅ ነው። ስለ ድሮ ፊልም ሲወራ ሁልጊዜ ስሙ የሚነሳው የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» (1948) አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። የቻፕሊን «የከተማ መብራቶች» (1931) 87 ደቂቃ ነው። ጸሐፊው ለዘመኑ ፊልም ማስረጃ አድርገው የጠሯቸው ደግሞ «ኦፕንሃይመር» (2023) 180 ደቂቃ፣ «አቬንጀርስ፦ ኢንድጌም» (2019) 181 ደቂቃ፣ ሁለተኛው «አቫታር» (2022) 192 ደቂቃ ናቸው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ የተቀመጠ ትውልድ «ለሰማንያ ሰባት ደቂቃ ጊዜ የለኝም» ቢል፣ ችግሩ የጊዜ እጥረት አይመስለኝም።

«ቀርፋፋ» የሚለው ግን ቁም ነገር አለው። የዱሮ ፊልሞች አንድን ምስል ሳይቆርጡ ረዘም አድርገው ያሳያሉ፤ እውነት ነው። በስልክ ጣት እያንሸራተተ ላደገ ዓይን መጀመሪያ ላይ ይከብዳል። እኔንም ከብዶኛል። ዳሩ ግን ይኸው ተመልካች አይደለም እንዴ ቃና ቴሌቪዥን በ2016 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ የቀረቡለትን የቱርክ ተከታታይ ድራማዎች ለወራት የተከታተለው? እነዚያ ድራማዎች ላይ ሁለት ሰዎች በር ላይ ቆመው ሲተያዩ ሙዚቃው አልቆ እንደገና ይጀምራል። እናቶቻችንም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹም ያንን መተያየት ትንፋሻቸውን ውጠው ያዩት ነበር። ሰው ቀርፋፋ ነገር አይጠላም። ግድ የማይሰጠው ሰው ላይ ሲዘገይበት ነው የሚጠላው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ «ታሪኩን በአሥር ደቂቃ መስማት ይበቃል» ወደሚለው።

እኔ ያደግሁት ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሰፈራችን ውስጥ በሸራ የተጋረደ አንድ ክፍል ነበር፤ አግዳሚ ወንበሮች፣ በእንጨት ሳጥን የተቆለፈበት ቴሌቪዥን፣ ከላዩ የቪዲዮ ማጫወቻ። የህንድ ፊልም ቀን ከሆነ ቦታ አይገኝም። ሂንዲ የሚያውቅ ከመካከላችን አንድም አልነበረም። የእንግሊዝኛው የግርጌ ጽሑፍ ቢኖርም ወይ ተቆርጧል፣ ወይ ለማንበብ አንደርስም። ታዲያ «ሾሌ»ን (1975) ስንት ጊዜ አየነው! ከሦስት ሰዓት በላይ የሚረዝም ፊልም ነው፤ ማንም አልተነሳም።

እዚያ ፊልም ውስጥ አንድ ትዕይንት አለ። አሚታብ ባቻን የሚጫወተው ጄይ ማታ ማታ ደጅ ቁጭ ብሎ ሐርሞኒካ ይነፋል። ትይዩው በረንዳ ላይ ባሏ የሞተባት ወጣት፣ ነጭ ሳሪ ለብሳ፣ መብራቶቹን አንድ በአንድ እየዞረች ታጠፋለች። አንዱን ታጠፋለች፣ ወደ ሚቀጥለው ትሄዳለች። እሱ ይነፋል። አንዲት ቃል አይነጋገሩም። መጨረሻው መብራት ሲጠፋ ጨለማ ይሆናል፤ በቃ። ስምንትና ዘጠኝ ዓመት የሆነን፣ ቋንቋውን የማናውቅ ልጆች፣ ሰውየው እንደሚወዳት፣ እሷም እንደምታውቅ፣ ወግና ልማዱ ግን እንደማይፈቅድላት ገብቶን ነበር። ማን ነገረን? ማንም። መብራቶቹ ነገሩን።

እነዚያ ባጭሩ የሚተርኩ ቪዲዮዎች ላይ ይህ ትዕይንት የለም። ሊኖርም አይችልም፤ ምክንያቱም ለተራኪ «ምንም ያልተከሰተበት» ቦታ ነው። ተራኪው የሚፈልገው «ከዚያ ወንበዴው መጣ፣ ከዚያ ተኮሱ፣ ከዚያ ሞተ» ነው። ፊልሙን ፊልም ያደረገው ግን ከዚያና ከዚያ መካከል ያለው ነው። ጸሐፊው «ዋናው ታሪኩ ነው» ሲሉ፣ ሂንዲ ሳናውቅ ያለቀስነውን ልጆች እንዴት እንደሚያስረዱን ብጠይቃቸው ደስ ይለኛል። ዋናው በቃል የሚነገረው ታሪክ ቢሆን ኖሮ እኛ ከዚያ ክፍል ባዶ እጃችንን በወጣን ነበር።

ይህን ስል ተራኪዎቹን ለመናቅ አይደለም። በቪዲዮ ቤታችን ውስጥም ከፊት ቆሞ «አሁን ይሄ የዚያ ወንድም ነው፣ ግን አያውቅም» እያለ የሚያስረዳ ትልቅ ልጅ ነበር፤ ግማሹን ከራሱ እንደሚፈጥር በኋላ ነው ያወቅነው። መተረክ ባህላችን ነው። ዛሬ በማይክሮፎን የሚተርኩት የእሱ ታናናሾች ናቸው፤ ብዙ ሰው በእነሱ ምክንያት ሰምቶት የማያውቀውን ፊልም ፈልጎ እንዳየ አውቃለሁ። ልዩነቱ ግን ያ ልጅ ሲያወራ ፊልሙ ከኋላው እየሄደ ነበር። ከእሱ ወሬ ውስጥ የሚሻለንን ወስደን ዓይናችንን ስክሪኑ ላይ እንተክል ነበር።

ባለፈው ክረምት የእህቴን ልጅ፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ «የብስክሌት ሌቦች»ን አብረን እንድናይ ለመንኳት። ታሪኩን ከአንዱ ቪዲዮ ሰምታዋለች፤ «ብስክሌት ተሰረቀበት፣ ፈለገ፣ አጣ፣ ራሱ ሊሰርቅ ሲል ተያዘ፤ አለቀ» አለችኝ። ልክ ናት፤ ታሪኩ ይኸው ነው። የግርጌ ጽሑፉን እየተረጎምኩላት ጀመርን። ሰውየው ከጦርነቱ በኋላ በሮም ሥራ አጥ ነው። ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ያለ ብስክሌት ግን አይቀጥሩትም፤ ብስክሌቱ ደግሞ በመያዣ ተይዟል። ሚስቱ አልጋው ላይ ያለውን አንሶላ ገፍፋ፣ ጠቅልላ፣ ወደ መያዣ ቤቱ ወሰደችው። ገንዘቡን ተቀበሉ። እዚህ ጋ ተራኪው ወደ ፊት ይዘላል። ዴ ሲካ ግን አይዘልም። ሠራተኛው የእነሱን ጥቅል አንስቶ ወደ ኋላ ሲሄድ ያሳየናል። መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ገና ይወጣል። ካሜራው ሲከተለው እስከ ጣሪያው ድረስ በአንሶላ ጥቅል የተሞላ መደርደሪያ ይታያል።

ልጅቷ ስልኳን አስቀመጠች። «ይሄ ሁሉ የሰው አንሶላ ነው?» አለችኝ።

ያ አንድ ምስል የአንድን ሰው ችግር የአንድ ከተማ ችግር አደረገው። በቃል ቢነገር «በዚያ ዘመን ብዙ ድሃ ነበር» የሚል የማይነካ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። ፊልሙ ሲያልቅ አባትየው ሊሰርቅ ሲል ተይዞ፣ ሰው ከቦ አዋርዶት፣ የብስክሌቱ ባለቤት ልጁን አይቶ ሲለቀው፣ ትንሹ ብሩኖ በሕዝቡ መካከል የአባቱን እጅ ይይዛል። የእህቴ ልጅ ዝም ብላ ቆየችና «ቤት ሲገቡ ለእናቱ ይነግራት ይሆን?» አለች። ይህን ጥያቄ የአሥር ደቂቃው ቪዲዮ አላስጠየቃትም። መጨረሻውን ቀድማ ስለምታውቅ ፊልሙ አልተበላሸባትም፤ ሰዎቹን ገና አሁን ማወቋ ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ትዝታ። እዚህ ላይ ግማሹን እቀበላለሁ። «ሾሌ»ን ስወድ የዚያ የሸራ ክፍል ሙቀት አብሮ አለበት፤ አልክድም። ሌላም ልጨምርላቸው፦ የዱሮ ፊልም ሁሉ ድንቅ የሚመስለን መናኛው ስለተረሳ ነው። በየዓመቱ የሚሠራው አብዛኛው ፊልም ያኔም እንደዛሬው ተራ ነበር። የተረፈውን ምርጥ ከዛሬው ምርጥና ግርድ ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው፤ እኛ የድሮ ፊልም ወዳጆች ይህን ስህተት ደጋግመን እንሠራለን።

ግን ትዝታ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ሊሆን አይችልም ነበር፦ በወጣበት ዘመን ያልተወደደ ፊልም በኋላ ሊወደድ። ፊልም ከሚወድ ወጣት ሁሉ አፍ የማይጠፋው «ዘ ሾውሻንክ ሪደምፕሽን» በ1994 ሲኒማ ቤት ሲገባ ገበያ አጣ፤ በሰባት ዘርፍ ለኦስካር ታጭቶ አንድም አላገኘም። የወደዱት በኋላ በቪዲዮና በቴሌቪዥን ያገኙት ሰዎች ናቸው። የሂችኮክ «ቨርቲጎ» በ1958 ሲወጣ አቀባበሉ የተደበላለቀ ነበር፤ በ2012 የብሪታንያው «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት የዓለም ተቺዎችን ሲጠይቅ አንደኛ ወጣ። በ2022 ደግሞ ይኸው ቦታ ለሻንታል አከርማን «ዣን ዲልማን» (1975) ተሰጠ፤ ሴት ዳይሬክተር እዚያ ደረጃ ላይ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ናት። መራጮቹ ልጅነታቸውን ናፍቀው ነው እንዳይባል፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ ያህል አንዲት ሴት ወጥ ቤቷ ውስጥ ድንች ስትልጥ የሚያሳይ ፊልም የማንም ልጅነት ትዝታ አይደለም። እኔም «የብስክሌት ሌቦች»ን ያየሁት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ምን ትዝታ አለኝ ከሮም ጋር?

ስለ ቴክኖሎጂ የተባለውን ቶሎ ልለፈው። ድምፅና ምስል ተሻሽሏል፤ በተለይ የእኛ የዱሮ ፊልሞች ቅጂ የሚሰማው በመከራ ነው፤ ይህን አልከራከርም። «ያለፈበት» ከተባለ ግን የዛሬዎቹ ታላላቅ ዳይሬክተሮች ለምን ወደ ኋላ ይመለሳሉ? አልፎንሶ ኩዋሮን «ሮማ»ን በ2018 ሙሉ በሙሉ በጥቁርና ነጭ ሠርቶ ሦስት ኦስካር ወሰደ። ጸሐፊው የሚያደንቁት «ኦፕንሃይመር» ራሱ ግማሽ ልቡ ጥቁርና ነጭ ነው፤ የካሜራ ፊልም የሚያመርተው ኮዳክ ለዚያ ሥራ ሲባል ከዚያ በፊት ያልነበረ ሰፊ ጥቁርና ነጭ የካሜራ ፊልም ማምረት ነበረበት። በ1975 የወጣው «ጆውስ» ሲሠራ የብረቱ ሻርክ ባሕር ውስጥ እየተበላሸ አስቸገረ፤ ስፒልበርግ ዓሣውን ሳያሳይ ማስፈራት ግድ ሆነበት። ያ ፊልም እስከ ዛሬ የሚያስፈራው በማይታየው ነው። መሣሪያ ጉድለቱን ይሞላል እንጂ ሐሳብ አይሰጥም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጸሐፊው አዲሱንና አሮጌውን ሁለት ጠላት አድርገው አቁመዋቸዋል። አይደሉም፤ አባትና ልጅ ናቸው። የኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራይ» (1954) የተዘረፈ መንደር ተዋጊ ቀጥሮ ሲከላከል ያሳያል። አሜሪካኖቹ በ1960 ወስደው የካውቦይ ፊልም አደረጉት፤ ህንዶቹ ከሁለቱም ቀስመው «ሾሌ»ን ሠሩ። እኛ ሰፈር ሸራ ውስጥ ያጨበጨብንለት ጄይ የጃፓን ሳሙራይ የልጅ ልጅ ነው ማለት ነው! ጸሐፊው በአዲስነቱ ያወደሱት «ፓራሳይት» (2019) የሀብታም ቤት፣ ደረጃና አሽከር ያለበት ነው፤ ዳይሬክተሩ ቦንግ ጁን-ሆ የአገሩ ሰው ኪም ኪ-ዮንግ በ1960 የሠራው «የቤት ሠራተኛዋ» ምን ያህል እንደቀረጸው ደጋግሞ ተናግሯል። እኔ «ፓራሳይት»ን እወደዋለሁ፤ ከአሮጌው ጋር አይቼው ደግሞ የበለጠ ወደድኩት።

አራተኛው ነጥብ ከባድ ነው፤ ጸሐፊው ልክ የሆኑበትም ነው። ግሪፊዝ በ1915 የሠራው «የአንድ ሕዝብ ልደት» ጥቁሮችን እንደ አውሬ ስሎ ኩ ክሉክስ ክላን የሚባለውን የነጭ ዘረኞች ድርጅት ጀግና ያደረገና ድርጅቱ እንደገና እንዲያንሰራራ የረዳ ፊልም ነው። በካሜራ አያያዙ ተማሪ ሊያጠናው ይችላል፤ «ቁጭ ብለህ ተደሰትበት» ብዬ ለማንም አልሰጥም። ሃቲ ማክዳንኤል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ላይ በሠራችው በ1940 ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ስትሆን፣ በሽልማቱ ማታ ከሥራ ባልደረቦቿ ተለይታ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነው ያስቀመጧት። ይህንን ነውር ማንም ሊያጥበው አይገባም።

ግን ነውሩን ከዕድሜ ጋር ማጣበቅ ያሳስታል። በ2019 የወጣው «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» ስለ ቤተ እስራኤላውያን ከሱዳን መውጣት ነው። ስንት ሰው በእግሩ በረሃ አቋርጦ፣ ስንቱ ልጁን መንገድ ላይ ቀብሮ የደረሰበት ታሪክ ነው። ፊልሙ ላይ ግን ስማቸውንና ጭንቀታቸውን ጠንቅቀን የምናውቃቸው ያወጧቸው የእስራኤል ሰላዮች ናቸው፤ የእኛ ሰዎች በብዛት በጀልባና በመኪና የሚጫን ሕዝብ ሆነው ነው የሚታዩት። አዲስ ፊልም ነው፤ ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ንቀቱ ግን ከዘመኑ ጋር አልጠፋም። የዱሮውን ማየት አንዱ ጥቅም የዛሬውን ስናይ ዓይናችን እንዲነቃ ማድረጉ ነው።

በዚህ በኩል ነው ወደ አምስተኛው ነጥብ የምገባው፤ ልቤን ያስነሳውም እሱ ነው። «የራሳችን ክላሲክ የለንም» ብለዋል። ጸሐፊው በየዓመቱ የሚከታተሉት የፊልም ሽልማት ስሙ ማን ነው? ጉማ አይደለም? ያ ስም ከየት መጣ? በ1960ዎቹ በእኛ አቆጣጠር ሚሼል ፓፓታኪስ ስለ ደም መመለስ ከሠራው «ጉማ» ከሚባል ፊልም ነው። ከእሱ በፊት በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው» ነበረ፤ ጥቁርና ነጭ፣ የመጀመሪያው ሙሉ ርዝመት ያለው የኢትዮጵያ ፊልም። «የለንም» ማለትና «አላየነውም» ማለት ይለያያል።

አላየነውም የሚለው ደግሞ የጸሐፊው ጥፋት ብቻ አይደለም፤ እዚህ ላይ አብሬያቸው እቆማለሁ። እነዚህን ፊልሞች አንድ ወጣት ዛሬ ማየት ቢፈልግ የት ሄዶ ያያል? ተቆራርጦ፣ ድምፁ ተዛብቶ ካልሆነ በቀላሉ አያገኝም። የውጭዎቹንም ቢሆን የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ አጥቶ ነው የሚተወው። ስንት መቶ ሰዓት የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ የለበሰበት አገር ለአንድ የዘጠና ደቂቃ ፊልም የግርጌ ጽሑፍ መሥራት አያቅተውም። ጸሐፊው ቁጣቸውን እዚህ ላይ ቢያደርጉት ኖሮ ጽሑፋቸውን እኔም ለአራት ሰው እልክ ነበር።

የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ለፈረንጅ ተሠራ የተባለውን ግን በምንም ልቀበል አልችልም። ፊልሙ የሚናገረው አማርኛ ነው። የሚሠሩበት አብዛኞቹ በሙያቸው ተዋናይ ያልሆኑ ሰዎች ናቸው። የተቀረጸው በ1974፣ የንጉሡ መንግሥት እየተንገዳገደ በነበረበት ክረምት፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። አንድ ገበሬ ቤተሰብ ለባለ መሬቱ ሲለፋ ያሳያል። ሁለት ሰዓት ተኩል ይረዝማል፤ አዎ ይዘገያል። ግን የሚዘገየው በገበሬ ሰዓት ነው። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ፣ በሬ ጠምዶ፣ ጭቃ ውስጥ ሲመላለስ የሚውል ሰው ቀኑ እንዴት ነው የሚያልፈው? ባለ መሬቱ ደጁ ላይ ወንበሩን ዘርግቶ ሲቆጣ ይውላል። እሱ ተቀምጧል፣ እነሱ ይመላለሳሉ፤ ይኸው ነው ሥርዓቱ። በአንድ የሕልም ትዕይንት ላይ በሬ ሳይሆን ሰዎቹ ራሳቸው ቀንበር ተሸክመው ሲያርሱ እናያለን። አባቶቹ ጭሰኛ የነበሩ ሰው ያንን ምስል ሲያይ ፈረንጅ እንዲያብራራለት አያስፈልገውም። ማርቲን ስኮርሴዚ የመሠረቱት ተቋም ፊልሙን ከዓለም ቅርሶች ጋር አሳድሶታል፤ ያንን የኮሪያውን «የቤት ሠራተኛዋ»ንም ያሳደሰው ይኸው ተቋም ነው። ኮሪያውያን ከዚያ አሮጌ ፊልም «ፓራሳይት»ን አወጡ። እኛ ከእኛው ምን እንዳወጣን ልንጠያየቅ ይገባል።

ኃይሌ ስለ ባርነት የሠራው «ሳንኮፋ»ም (1993) ቢሆን ፈረንጅ እጁን ዘርግቶ የተቀበለው ፊልም አይደለም። በርሊን ላይ ተወዳደረ፤ አሜሪካ ውስጥ ግን የሚያከፋፍለው አጣ። ኃይሌ ሲኒማ ቤት እየተከራየ፣ የጥቁር ማኅበረሰቡ ከአፍ ወደ አፍ እያወራለት፣ ከከተማ ወደ ከተማ ዞረ። ዋሽንግተን ያላችሁ አንባቢዎች ጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ያለውን ሳንኮፋ የመጻሕፍት መደብር ታውቁታላችሁ፤ ያ ስም ከዚያ ልፋት ነው የመጣው። ፊልሙ ታድሶ በ2021 ኔትፍሊክስ ላይ ሲወጣ የተሠራበት ዓመት ወደ ሠላሳ እየተጠጋ ነበር። በ2008 «ጤዛ» የተባለው ፊልሙ ቬኒስ ላይ ልዩ የዳኞች ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት አገኘ፤ በዓመቱ ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ ትልቁን የአፍሪካ ፊልም ሽልማት ወሰደ። ፈረንጅ ሸለመው ማለት ለፈረንጅ ተሠራ ማለት ከሆነማ፣ አበበ ቢቂላም የሮጠው ለጣልያን ነው ልንል ነው።

ዝግታ የአሮጌ ፊልም በሽታ እንዳልሆነም የራሳችን አዲስ ፊልም ምስክር ነው። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 ካን ፌስቲቫል ላይ በይፋ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። አንድ ልጅና ቹኒ የምትባል በጉ፣ ተራራ፣ ምድጃ ላይ የሚበስል ወጥ፤ እየተራመደ የሚሄድ ፊልም ነው። እንዲፈጥን የሚፈልግ ሰው በጉ እንድትታረድ ይቸኩላል ማለት ነው።

የቀረው ፈተናው ነው። ጸሐፊው አንድ ፊልም ጥሩልኝ ብለዋል፤ አንድ እጠራለሁ። የሲድኒ ሉሜት «አሥራ ሁለቱ የተቆጡ ሰዎች» (1957)። ጥቁርና ነጭ ነው፣ 96 ደቂቃ ነው፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም በአንድ ክፍል ውስጥ ያልቃል፣ ተኩስ የለበትም፣ ያኔም ገበያ አላገኘም። ጸሐፊው ከሚጠሉት ሁሉ አለበት።

የሰለቸው ዳኛ፣ ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም ብለው እንዲወስኑ ለተመረጡ አሥራ ሁለት ተራ ሰዎች፣ የአንድ ልጅ ሕይወት በእጃቸው እንዳለ ይነግራቸዋል። ሲወጡ ልጁን ለጥቂት ጊዜ እናየዋለን፤ ፊቱን ብቻ። ከዚያ በሩ ይቆለፋል። ቀኑ የዓመቱ ሞቃት ቀን ነው፤ የግድግዳው ማራገቢያ አይሠራም፤ መስኮት ለመክፈት ይታገላሉ። አንዱ ማታ የሚያየው ጨዋታ አለው፤ ሰዓቱን ያያል። ሲጀመር ካሜራው ከላይ ነው፣ ክፍሉም ሰፊ ይመስላል። ሉሜት ፊልሙ በቀጠለ ቁጥር ካሜራውን ዝቅ እያደረገ፣ ሌንሱን እያስረዘመ ሄዷል፤ ግድግዳው ወደ ሰዎቹ ሲጠጋ እየታየን ሳናውቀው መተንፈስ ይከብደናል። ይህን ማንም ተራኪ ሊተርክልን አይችልም።

አሥረኛውን ደቂቃ ትንሽ እንዳለፉ ድምፅ ይሰጣሉ። «ጥፋተኛ ነው የሚል እጁን ያውጣ» ይባላል። አንዳንዱ ወዲያው ያወጣል። አንዳንዱ ግራና ቀኙን አይቶ፣ ሌላው ማውጣቱን አረጋግጦ፣ ቀስ ብሎ ያወጣል። አሥራ አንድ እጅ። አንድ ሰው እጁን ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጠ ነው። ጸሐፊው እዚያ ላይ መዝጋት ከቻሉ ይዝጉት፤ እኔም ቃሌን አነሳለሁ።